ለአንዲት ለማውቃት ሴት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የላይብረሪው ባልደረቦቼ ትልቅ ኩባያ ሰጡኝ። በላዩ ላይ በእንግሊዝኛ «እግር ያለው ሰርች ኤንጅን» የሚል አስጽፈውበታል። ማናጀራችን ግሬግ ኬኩ ሳይቆረስ ንግግር አደረገ፤ «ኮምፒውተሩ የማያውቀውን ማርቆስ ያውቃል፤ ማርቆስ የማያውቀውን ደግሞ ማንም አያውቅም» አለ። ተሳቀ፣ ተጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ትሕትና መሰላቸው።

ከዚያ እትዬ ዘነበች ከኋላ ወንበር ተነሡ። የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናቸው፤ ሰባን ካለፉ ቆይተዋል። ከሜልቦርን ዳር፣ ከታርኔት በባቡር መጥተው፣ ከፉትስክሬይ ጣቢያ በእግራቸው፣ በፌስታል የጠቀለሉትን ዳቦ ይዘው ነው የደረሱት። ፈረንጆቹ ነገሩ ሳይገባቸው ዝም ብለው ሲያዩ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑና «የጠየቀህን ሁሉ ሳታሳፍር ስትሸኝ ኖረሃል፤ አንተንም ጌታ አያሳፍርህ፣ ልጄ» ብለው ባረኩኝ።

«አሜን» አልኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «አሜን»! ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩና አለቀስኩ። እትዬ ዘነበች አሥራ ሰባት ዓመት ከኖሩበት የዌስት ፉትስክሬይ ቤት ወጥተው ታርኔት የገቡት በእኔ ጥፋት ነው። ይህን ደግሞ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከመጀመሪያው ልጀምር። መሀሉን ብቻ ካወራሁ ራሴን ለማዳን እየመረጥኩ እንዳላወራ እፈራለሁ።

ሥራ የጀመርኩት አገር ቤት፣ ወላይታ ውስጥ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው። አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፤ እቤት የምንናገረው ወላይትኛ ነበር። እስከ ዛሬ ቅላጼዬ ያሳብቅብኛል። የአዲስ አበባ ልጆች ስናገር ሲሰሙኝ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ፤ ሳቃቸውን የደበቁ ይመስላቸዋል እንጂ እኔ አያለሁ። ይህን አስታውሱልኝ፤ በኋላ ዋጋ ያስከፈለን እሱ ነው።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አቶ ዳና ይባሉ ነበር። ባለጉዳይ ሲመጣ ቀና ብለው ሳያዩ «ቁጥር?» ይላሉ። ቁጥር ያለው ፋይሉን ያገኛል፤ የሌለው ነገ ይመለሳል። ባለጉዳዩን «ለምን ፈለጉት?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነበር፤ ሰውየው ትልቅ ሰው ከሆነ ደግሞ ድፍረት ነው። እኔ ቁጥሩን ከሰማሁ ዓይኔን ጨፍኜ ፋይሉን አወጣለሁ፤ አቶ ዳናም በዚህ ይወዱኝ ነበር። ፈጣን እጅ፣ ዝም ያለ አፍ። ጥሩ ሠራተኛ ማለት ይኸው መሰለኝ።

ሜልቦርን ስመጣ መጀመሪያ የገባሁት ዶሮ ፋብሪካ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጣቶቼ ሞቀው አያውቁም። ከዚያ ላይብረሪ ውስጥ የተመለሱ መጻሕፍትን መደርደሪያ ላይ የሚመልስ ካዡዋል፣ ማለት በሰዓት የሚከፈለው፣ ሠራተኛ እንደሚፈለግ ሰማሁና አፕላይ አደረግኩ። ክፍያው ከዶሮው ያንሳል። ባለቤቴ አልማዝ «ሰው ወደ ላይ ይሄዳል፣ አንተ ወደ መጽሐፍ» ብላ ቀለደችብኝ። የቁጥር ሥራ ስለነበር ግን በአንድ ሳምንት ለመድኩት፤ መጽሐፍም ፋይል ነው።

እዚያ ነው ሎሬይንን ያገኘሁት። የመረጃ ዴስኩ ኃላፊ ነበረች፤ አጭር፣ ደረቅ፣ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ፣ ከጆሮዋ ላይ እርሳስ የማይጠፋ ሴት። በዕድሜ ታላቅ እህቴ ትሆናለች፤ በእንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለ ግን አንቺ እያልኩ ለመድኩ። የእኛ አገር ሰዎች ወደ ላይብረሪው እየበዙ ሲመጡ «ከመደርደሪያው ና፣ ወደ ዴስክ» ብላ ጎተተችኝ።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ቬትናማዊ ሽማግሌ መጥተው የከተማውን ካርታ ጠየቁን። እኔ ተወርውሬ ሄጄ አመጣሁ። የአቶ ዳና ልጅ! ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሎሬይን ካርታውን ከእጄ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወንበሯን ዞር አድርጋ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጠች። «የት ለመሄድ ፈልገው ነው?» አለቻቸው። ሚስታቸው ሆስፒታል ተኝታ ኖሯል። ወደ ሌላ ሆስፒታል ተዛውራለች ተብለዋል፣ የት እንደሆነ ግን አልገባቸውም። ሎሬይን ካርታውን አጠፈችና ስልክ አነሣች። ሦስት ቦታ ደወለች። ሴትየዋ ያለችበት ሲታወቅ የአውቶቡሱን ቁጥር በትልቁ ጽፋ ሰጠቻቸው፤ አልበቃ ብሏት እስከ ማቆሚያው ሸኘቻቸው።

ስትመለስ «ካርታው ምን ያደርግላቸው ነበር?» አለችኝ።

«ካርታ ነዋ የጠየቁት» አልኳት።

«ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅህ የሚፈልገውን አይደለም» አለችኝ። «ይሄ ሰውዬ ሊመልስልኝ ይችላል ብሎ የገመተውን ነው።»

የሎሬይን ልማድ ብዙ ነው። ከሰው ፊት ለፊት አትቀመጥም፤ ሁልጊዜ ከጎን ናት፣ ስክሪኑን ሁለቱም እንዲያዩት። ጥያቄ ሲመጣ ጣቷ ወደ ኪቦርዱ አይሮጥም። መጀመሪያ «ካገኘኸው በኋላ ምን ልታደርግበት ነው?» ትላለች። ይህችን ጥያቄ ሺህ ጊዜ ስትጠይቅ ሰምቻለሁ፤ አንድም ጊዜ የሚያናድድ ድምፅ አልነበራትም። ገጽ ስትከፍት ደግሞ ከላይ አትጀምርም። ወደ ግርጌው ትወርድና ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለየትኛው ስቴት ሰው የሚለውን በእርሳሷ ጫፍ እያንኳኳች ታነባለች፤ እዚህ አገር እያንዳንዱ ስቴት፣ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ ሕግ አለው። ስክሪኗ የእርሳስ ነጥብ ብቻ ነበር። የጽዳት ሠራተኞቹ ያማርሯት ነበር፤ እሷ ግን መች ሰምታ።

አንድ የብስኩት ቆርቆሮም ነበራት። የተሳሳተ መልስ የሰጠች ዕለት ጥያቄውንና ስሕተቷን በአሮጌ የካታሎግ ካርድ ጀርባ ላይ ጽፋ እዚያ ትከታለች። «ያሳፈሩኝ» ትላቸዋለች። ጡረታ ስትወጣ ቆርቆሮውን ለእኔ ሰጠችኝ። ለዓመታት አንድ ካርድ አልጨመርኩበትም። አልተሳሳትኩም ማለት ነው ብዬ ኮራሁ። አሁን ሳስበው፣ ሎሬይን መልስ ከሰጠች በኋላ ሰዎቹን ስታገኝ «እንዴት ሆነልህ?» ብላ ትጠይቅ ነበር። ስሕተቷን የምታገኘው በዚያ ነው። እኔ እሱን ትቼው ነበር።

መጥፎ ሠራተኛ ነበርኩ ማለቴ አይደለም። አንድ የእኛ ሰው «ስለ ጨው የተጻፈ መጽሐፍ አለ?» ብሎኝ ያውቃል። የድሮው ማርቆስ ቢሆን የምግብ መጽሐፍ ያሸክመው ነበር። «አግኝተኸው ምን ልታደርግበት ነው?» አልኩት። ሲያመነታ ሲያመነታ ቆይቶ ሐኪም ደም ብዛት አለብህ እንዳለውና አውቶቡስ ነጂነቱን እንዳይነጠቅ እንደፈራ ነገረኝ። ሕጉን ፈልገን አብረን አነበብን፣ ለሐኪሙ የሚያቀርበውን ጥያቄ አብረን ጻፍን። እስከ ዛሬ ይነዳል። መንደሪን በመጣ ቁጥር አንድ ከረጢት በር ላይ ጥሎልኝ ይሄዳል።

ኢንተርኔቱ ሲመጣ ሥራችን ያልቃል ተባለ፤ አላለቀም፤ እንዲያውም ጣመኝ። መፈለግ ራሱን የቻለ እጅ ነው። ሰው አንድ ቃል ጽፎ አንድ ሚሊዮን ገጽ ይወርድበታል፤ እኔ ቃላቱን እቀያይራለሁ፣ የመንግሥት ገጽ ብቻ እንዲያመጣ አስገድደዋለሁ፣ ማንም የማይደርስበትን ሦስተኛውን ገጽ እከፍታለሁ። ያገኘሁትን ለእኛ ሰዎች ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ዴስኩ ላይ ሰልፍ ይያዝልኝ ነበር። ጉራዬንም ያዙልኝ፤ ከዚያ በኋላ የሚወራ ጉራ የለኝም።

ታዲያ አንድ ጠዋት መፈለጊያው ላይ ከዝርዝሩ ሁሉ በላይ አንድ ሳጥን ብቅ አለ። ኤአይ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጽፈው ነው አሉን። ገጾቹን ራሱ አንብቦ፣ ራሱ አሳጥሮ መልሱን ያቀርባል። ምንጮቹ ከጎን በትንንሹ ተደርድረዋል። መጀመሪያ ናቅኩት። እንደ አቶ ዳና ነው፤ ቀና ብሎ ሳያይ ይመልሳል አልኩ።

ከዚያ በአማርኛ መለሰልኝ። ጉድ ነው! ለአንዲት ሴትዮ ስለ መዋዕለ ሕፃናት ስፈልግ በአማርኛ ጻፍኩት፤ በአማርኛ መለሰ። እንዴት ያለ አማርኛ! «እርስዎ» ይላል፣ ግሡ አይዛነፍበትም፣ ዓረፍተ ነገሩ እንደ ዜና አንባቢ ይወርዳል። እኔ ሃያ ዓመት እየተንተባተብኩ የማቀርበውን እሱ በአንድ ትንፋሽ። ጮክ ብዬ ሳነበው ሴትዮዋ «እሰይ! ዛሬ ደግሞ አማርኛህ እንዴት አማረ» አለችኝ።

ሙቀቱ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ደስ አለኝ እኮ! ያ ሁሉ የተነከሰ ከንፈር የተከፈለኝ መሰለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእኛ ሰዎች ሳጥኑን ማንበብ ጀመርኩ። ወደ ምንጩ፣ ወደ እንግሊዝኛው ገጽ፣ ወደ ግርጌው መውረድ ቀረ። እንዲህ የተጣራ አማርኛ የሚናገር ነገር ሊሳሳት ይችላል ብዬ አላሰብኩም። አማርኛ ያማረለት ሁሉ የተማረ የሚመስለኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ ምን ላድርግ።

እትዬ ዘነበች የመጡት በእንደዚህ ያለ ጠዋት ነው።

ስለ ቤታቸው ትንሽ ልበል። ዌስት ፉትስክሬይ ውስጥ ያለ አሮጌ የእንጨት የኪራይ ቤት ነው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ይኖሩበት ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ሴቶቹ ሁሉ እዚያ ተሰብስበው ይጸልያሉ። ከሌሊት ሺፍት የወጣች ነርስ፣ ሕፃን የታቀፈች፣ ባሏ የተዋት፣ ሁሉም በእግሯ እየመጣች በሩን ሳታንኳኳ ትገባለች። አልማዝ ታማ ስትተኛ አርባ ቀን ጾመው የጸለዩላት በዚያ ሳሎን ነው። ያ ቤት ሲዘጋ ስንት ሰው ሜዳ ላይ እንደሚወድቅ አውቃለሁ።

ያን ጠዋት ዚፕ ባለው መያዣ ውስጥ ያለውን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው መጡ። ከኋላቸው ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። እትዬ ዘነበች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማርቆስዬ፣ ለአንዲት ለማውቃት ሴት ነው። ቤት ልቀቂ የሚል ወረቀት መጣባት። ምን ታድርግ?» አሉኝ። ሲናገሩ አላዩኝም። ጣታቸው የመጽሐፍ ቅዱሱን ዚፕ ያዝ አድርጎ ነበር።

አወቅኩ። ወዲያው ነው ያወቅኩት። የእኛ ሰው «ለአንድ ለማውቀው ሰው ነው» ካለ ስለ ማን እንደሚያወራ የሃያ ዓመት ሥራዬ አስተምሮኛል። ለሌላ ሰው ቢሆን ወንበሬን አዙሬ ከጎን እቀመጥ ነበር፤ ቀስ ብዬ «ደብዳቤውን ይዘውታል?» እል ነበር። ግን እትዬ ዘነበች! ለሁላችን የሚለምኑት ሴትዮ፣ ቤቴን ልቀቂ ተባልኩ ብለው ለእኔ? ያንን ሸፍነው ሲመጡ እኔ ልገልጠው? ከኋላቸው ያሉት ሴቶችስ? ይሉኝታ ያዘኝ። ማክበሬ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ፈራሁ ማለት ግን ይሻላል።

ሳጥኑ ውስጥ በአማርኛ ጻፍኩ፤ መለሰ። ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ ትሪቡናል የሚለው የአከራይና የተከራይን ክርክር የሚዳኘውን ችሎት ነው። «ቤት እንዲለቁ ማሳሰቢያ ከደረሰዎት ወዲያውኑ መውጣት አይጠበቅብዎትም። ጉዳዩ ለትሪቡናል ቀርቦ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ በቤቱ መቆየት ይችላሉ። ትሪቡናሉም አስቀድሞ ጥሪ ይልክልዎታል።» በጥሩ ድምፅ አነበብኩላቸው።

«ጥሪ ይመጣላታል ማለት ነው?» አሉ።

«ይመጣላታል፣ እትዬ።»

«እስከዚያ ዝም ብላ ትቀመጥ?»

«ትቀመጥ። ምንም አታስብ በሏት።»

እጃቸው ዚፑ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ «ተባረክ» ብለውኝ ሄዱ። እኔም «ቀጣይ» አልኩ።

ጥሪው በርግጥ መጣ። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወደ ጥግ ጠሩኝና ዚፑን ከፍተው ሁለት ወረቀት ሰጡኝ፤ የትሪቡናሉን ጥሪና የመጀመሪያውን ደብዳቤ። በሁለቱም ላይ ያለው ስም የራሳቸው ነው። ስለዚያች «ሴት» እሳቸውም አላነሡ፣ እኔም አላነሣሁ። ደብዳቤውን እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ቤቱን በሰፊው ለማደስ ይፈለጋል ይላል። ግርጌው ላይ በደማቁ፣ ተከራዩ ማሳሰቢያውን መቃወም ከፈለገ ራሱ ለትሪቡናሉ ማመልከት እንዳለበትና የሚያመለክትበት ቀን ተጽፏል። ግርጌው ላይ! ቀኑ ካለፈ ሳምንታት ሆኖታል።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ ኮቴን ሳላወልቅ ያንኑ ጥያቄ ጻፍኩ። ሳጥኑ ያንኑ መለሰ። ከጎን ያለውን ትንሽ ምንጭ ነካሁ፤ ወደ ግርጌው ወረድኩ። ገጹ የሌላ ስቴት ነው። እዚያ ለሚኖር ሰው የተጻፈ፣ ለእሱ ትክክል የሆነ ምክር። በዚህ ስቴት፣ በዚያ ደብዳቤ ላይ አይሠራም። ለማየት አንድ ጠቅታ ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ አንድ!

ለተከራዮች በነፃ የሚሟገት ቢሮ ይዣቸው ሄድኩ። አስተርጓሚ ቡክ እናድርግ ሲሉኝ «እኔ አለሁ» አልኩ። ጠበቃዋ ወጣት ናት፣ ትሑት። ወረቀቶቹን ገልብጣ አየችና በእንግሊዝኛ እንዲህ አለች፤ ከደብዳቤው ጋር የግንባታ ፈቃዱ መያያዝ ነበረበት፣ አልተያያዘም። በጊዜው ቢያመለክቱ ኖሮ ጥሩ የመከራከሪያ ነጥብ ነበራቸው። አሁን የምንችለው ትንሽ ጊዜ መለመን ነው። ከዚያ ቀና ብላ «ዝም ብለው እንዲጠብቁ ማን ነገራቸው?» አለች።

እትዬ ዘነበች እኔን ያያሉ። ጠበቃዋም እኔን ታያለች። «ለምን ቆዩ? ነው የምትለው» ብዬ ተረጎምኩ።

እትዬ ዘነበች «ሰው ጠይቄ ነበር» አሉ።

እኔም ወደ ጠበቃዋ ዞርኩ። «አላወቁም ነበር» አልኳት።

ኤአይ ይህን አላደረገም። የሌላ ስቴት ገጽ ያነበበው እሱ ነው፤ በሁለት ቋንቋ የዋሸሁት ግን እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ሰዎች የሚሉትን ሳላጎድል ሳመላልስ የኖርኩ ሰው፣ ስሜ ሊነሣ ሲል ጥያቄውንም መልሱንም ቀየርኩ። በዚያ ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አልዋጠችኝም፤ በሥርዓት ተነሥቼ በሩን ከፈትኩላቸው።

ጥቂት ሳምንታት ተሰጣቸው። ከዚያ ልጃቸው መጥቶ ዕቃቸውን ጭኖ ወደ እሱ ቤት፣ ታርኔት ወሰዳቸው። የረቡዕ ጸሎት ሁለት ጊዜ በሌላ ሰው ቤት ተሞከረና ቀረ። እኔ በማግሥቱ ሥራዬ ላይ ነበርኩ። የሎሬይንን ቆርቆሮ ከመሳቢያ አውጥቼ አንድ ካርድ አነሣሁ። «ዘነበች» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀጥሎ ምን እንደምል ጠፋኝና ቀደድኩት። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ያለውን ሁሉ እስከ ግርጌው አጣራ ነበር፤ ሰዎችንም እጠይቅ ነበር። ግሬግ «ማርቆስ እኮ ማሽኑን አያምንም» እያለ በስብሰባ ላይ ያሞግሰኝ ጀመር። ለምን እንደማላምነው አልነገርኩትም። አንድ ዓመት ከምናምን እንዲህ ሆኜ ሠራሁና ኩባያዬን ተቀብዬ ወጣሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት አልማዝ «ምን ሆነሃል? ምግብ ላይ አፍጥጠህ ትቀራለህ» ብላ ያዘችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገርኩ። አላባበለችኝም። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ሂድና ንገራቸው» አለችኝ።

ረቡዕ ጠዋት ታርኔት ሄድኩ። ከባቡሩ ወርጄ አውቶቡስ ጠበቅኩ፤ ከአውቶቡሱ ወርጄ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት የሆኑ አዳዲስ ቤቶች መሀል ቁጥር እየፈለግኩ ረጅም መንገድ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ የልጅ ልጃቸው ናት። «እትዬ አሉ?» ብላት «ሺ ኢዝ ኢን ዘ ጋራጅ» ብላኝ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

ጋራዡ ውስጥ መኪና የለም። ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ከድሮው ሳሎን የማውቃቸው ስድስት ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል። እትዬ ዘነበች አንደኛው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ መጽሐፍ ቅዱሱ ጭናቸው ላይ ነው። አምስቱ ባዶ ናቸው። አንዱ ላይ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ላይብረሪ የመጡ ዕለት...» አልኩ። «ያቺ ሴት እርስዎ እንደሆኑ አውቄ ነበር። ሳልጠይቅዎት ቀረሁ። ያነበብኩልዎትም ከማሽኑ ነው፤ ምንጩን አላየሁም፤ ስሕተት ነበር። ጠበቃዋ ጋ ደግሞ የጠየቀችውን በትክክል አልተረጎምኩልዎትም። ቤትዎን ያሳጣሁዎት እኔ ነኝ።»

«ሁ ቶልድ ኸር፣ ማን ነገራት ማለቷ ይጠፋኛል ብለህ ነው?» አሉ። «ስንት ዓመት ኖሬ እዚህ አገር።»

«እና ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበላት? ይኸው አጠገቤ የተቀመጠው ነው ልበላት?» ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ነበር፤ ቢቆጡኝ ጥሩ ነው። «እሱስ ይሁን። ሰው ይሳሳታል። እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። እንደምታውቅ አውቄ ነበር እኮ፣ ማርቆስ። ዓይንህን አይቻለሁ። ወረቀቱ እዚህ ውስጥ ነበር።» መጽሐፍ ቅዱሱን መታ መታ አደረጉት። «እጄ ዚፑ ላይ ነበር። ‹ያሳዩኝ› ብትለኝ አወጣው ነበር። ይለኛል፣ አሁን ይለኛል እያልኩ ቆምኩ። አንተ ‹ቀጣይ› አልክ።»

አንገቴን ደፋሁ። በዚህኛው ጊዜ ትሕትና የሚመስለው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ «ታዲያ እንዴት ባረኩኝ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?» አልኳቸው።

«ሲያጨበጭቡልህ ፊትህን አየሁት። አሳዘንከኝ። ስለዚህ አያሳፍርህ አልኩ።» እጃቸውን አወናጨፉ። «ይቅር ብያለሁ፤ ብዬ ነው የመጣሁት ያን ቀን። ያን ጠዋት ዴስኩ ላይ ብትጠይቀኝ ግን ጥሩ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ብዙ አላወራንም። ጸለዩልኝ፤ ሻይ ጠጣሁ፤ ተነሣሁ። በሩ ጋ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ሳስር ከኋላዬ ቆመው ነበር። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ማርቆስዬ» አሉኝ። «አንዲት የማውቃት ሴት አለች። ልጇ ጥሩ ነው፣ ምራቷም ጥሩ ናት፣ ክፍልም ሰጥተዋታል። ግን ቀኑን ሙሉ ሰው የላትም። ባቡሩ፣ አውቶቡሱ ይከብዳታል፤ ጉልበቷ እሺ አይላትም። ቤተ ክርስቲያን ከሄደች ቆየች። ረቡዕ ረቡዕ ወንበር ደርድራ ትቀመጣለች፤ የሚመጣ የለም። እንዲህ ላለች ሴት ምን ይደረጋል?»

ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። የጫማዬ ማሰሪያ በእጄ ላይ ነው። በስድሳ ሰባት ዓመቴ፣ አንዲት አሮጊት ፊት፣ እንደ ተማሪ ፈራሁ። ቀና አልኩና ዓይናቸውን አየሁ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ያቺ ሴት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ።

ጫማዬን መልሼ አወለቅኩ። ወደ ጋራዡ ተመልሰን ገባን፤ ወንበሬን ሳብኩና ከጎናቸው ተቀመጥኩ።